ሰላይ የሠራው ቁልፍ ኪስህ ውስጥ አለ

(ቅዳሜ ማታ በድምፅ ውይይታችን ላይ ያቀረብኩት ነው። ኔትወርክ እየተቆራረጠባችሁ ሙሉውን ያልሰማችሁ ስለጠየቃችሁ በጽሑፍ ይኸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርዕስ ከእናንተው የመጣ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫነ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፦ «ውስጡ ኤስኢሊኑክስ የሚባል የደህንነት ሶፍትዌር አገኘሁ። ሳጣራ የሠራው የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ነው ይላል። ላጥፋው ወይ?» አንዲት እህታችን ደግሞ በተቃራኒው መጣች፦ «የባዕድ አንቲቫይረስ ከምንለምን የራሳችን መንግሥት አንድ ሠርቶልን ሁላችንም ብንጭነው አይሻልም?» አንዱ የባዕድን ይፈራል፣ አንዷ የራሷን ታምናለች። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም «ማን ሠራው?» ነው የሚሉት። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው በዚህ ጥያቄ ብቻ ከሄድን በሁለቱም በኩል እንደምንሸወድ ነው።

ከወንድማችን ልጀምር። የሰማኸው እውነት ነው። ኤስኢሊኑክስን የጀመረው ኤንኤስኤ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ፣ ያ የዓለምን ስልክ ይጠልፋል የሚባለው ራሱ። በዲሴምበር 2000 ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። በ2001 የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስና ሌሎቹ ከርነል ሠሪዎች ፊት ቀርቦ ሥራውን አስረዳ። ሊነስ እንዳለ ልቀበለው አላለም። «ማንም የራሱን የደህንነት ሞጁል የሚሰካበት አንድ የጋራ መሰኪያ ይሠራ» አለ፤ መሰኪያው ተሠራ፣ ኤስኢሊኑክስም በ2003 በዚያ በኩል ከርነሉ ውስጥ ገባ። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሰላዩ ቤት ሲገባ በሩን የከፈተለት ሰው መቀመጫውንም መርጦለታል። ኡቡንቱን የምትጠቀሙ ለምሳሌ በዚያው መሰኪያ የተሰካላችሁ አፕአርሞር የሚባል ሌላ ሞጁል ነው።

ታዲያ «እኔ ሊኑክስ የለኝም፣ አይመለከተኝም» የምትለው ወንድሜ፣ ስልክህን አውጣ። አንድሮይድ ከሆነ ኤስኢሊኑክስ አለህ። ጎግል በ2013 ከአንድሮይድ 4.3 ጀምሮ አስገባው፣ በ2014 በአንድሮይድ 5.0 ደግሞ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ አደረገ። እኛ እዚህ ተሰብስበን «የሲአይኤ ነው፣ የኤንኤስኤ ነው» ስንባባል የምንባባልበት ስልክ ራሱ በእሱ እየተጠበቀ ነው። ትንሽ ያስቃል።

አሁን ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ሳይገባን መፍራትም ማመንም ያው ነውና። ኮምፒውተርህ ላይ በስምህ የተከፈተ ፕሮግራም በልማድ የአንተን መብት በሙሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ቪዲዮ ማጫወቻው የዲግሪህን ስካን መክፈት ይችላል። ከፈለገ የፓስፖርትህን ፎቶ፣ ከጓደኛህ ጋር የተጻጻፍከውን፣ ሁሉን። ቪዲዮ ለማሳየት ያስገባኸው እንግዳ ጓዳም መኝታ ቤትም ይገባል ማለት ነው። ኤስኢሊኑክስ እያንዳንዱ ፕሮግራምና እያንዳንዱ ፋይል ላይ መለያ ይለጥፋል። ከዚያ «ይሄ መለያ ያለው ያንን መንካት ይችላል» የሚል ደንብ አለ። ደንቡ ላይ ያልተጻፈ በሙሉ ክልክል ነው። ሩት የሚባለው የማሽኑ አለቃ እንኳ ከደንቡ ውጪ አይሄድም።

አንድ ጥሩ ባሕርይ አለው። መደበኛው ፈቃድ የከለከለውን እሱ መፍቀድ አይችልም፤ የተፈቀደውን ግን መከልከል ይችላል። ማለትም ሁለተኛ ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው ዘበኛ የመለሰውን ሰው ሁለተኛው ጎትቶ አያስገባም። ደንቡን የጻፈው ሰው ቢሰንፍ ወይም ቢያደላ የምታጣው ተጨማሪውን ጥበቃ ነው። ከርነል ውስጥ የተቀመጠ ኮድ ስለሆነ ግን ስህተት ከተገኘበት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ማን ያየዋል የሚለው ነው ወሳኙ። ከ2003 ወዲህ ይህን ኮድ ሬድ ሃት፣ ጎግል፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንድሮይድ ስልክ የሚሠሩ የቻይና ኩባንያዎች ሳይቀሩ እጃቸው ላይ አለ። ከአሜሪካ ጋር ዓይንና ናጫ የሆኑ ሀገሮች መሐንዲሶች ቀዳዳ ቢያገኙበት ለዓለም ለመናገር ምክንያት አላቸው። እኔ የምተማመነው በኤንኤስኤ ቅንነት ሳይሆን በጠላቶቹ ብዛት ነው።

«ክፍት ከሆነ በቃ አስተማማኝ ነው» እንዳትሉኝ ደግሞ። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው፣ ግማሹ ኢንተርኔት የሚመሰጠርበት ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ግን በ2012 ገብቶ እስከ አፕሪል 2014 ሁለት ዓመት ተቀምጧል። በሩ ክፍት ነበር፣ የሚያይ ሰው ግን ጥቂት ነበር። ክፍትነት ለማየት ዕድል ይሰጣል እንጂ ሰው አስቀምጦ አያሳይም።

እዚህ ላይ ወንድማችን «ታዲያ ኤንኤስኤ ደግ ነው እያልክ ነው?» ሊለኝ ይችላል። ኧረ በጭራሽ! የዚያው መሥሪያ ቤት ሌላኛውን እጅ እዩ።

ሚስጥር ለመቆለፍ ኮምፒውተር የዘፈቀደ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቁልፍህ የሚወጣው ከዕጣ ነው በሉት። ቀጥሎ የሚወጣውን ዕጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ቁልፍህ የለህም። በ2006 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ዕጣ የሚያወጡ ዘዴዎችን በደረጃ ሲያወጣ አንዱ ከኤንኤስኤ የመጣ ነበር፤ ዱዋል ኢሲ ይባላል። ቀመሩ ለሁሉም የታተመ ነው። ውስጡ ያሉት ሁለት ቋሚ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ግን አልተብራራም። በ2007 ሁለት የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ተነሥተው «እነዚህን ቁጥሮች የመረጠ ሰው ከጀርባቸው የሚስጥር ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ካለው ዕጣውን በሙሉ ይተነብያል» ብለው አሳዩ። ብዙ ሰሚ አላገኙም። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ሲታተሙ ጥርጣሬው ክብደት አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሮይተርስ ኤንኤስኤ አርኤስኤ ለተባለው የደህንነት ኩባንያ ይህንኑ ዘዴ ምርቱ ውስጥ ቀዳሚ ምርጫ እንዲያደርገው 10 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ዘገበ፤ ኩባንያው አውቆ የጓሮ በር አስገብቷል መባሉን አስተባበለ። በ2014 የደረጃዎች ተቋሙ ዘዴውን ከደረጃው አወጣ።

ልዩነቱ ገባችሁ? አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሁለቱም ሥራ «ደህንነት» ይባላል። በአንዱ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለህ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ መጠየቅ ትችላለህ። በሌላው አንድ ቦታ ላይ «እመነኝ» ይልሃል። «እመነኝ» የተባለበት ቦታ ነው የጓሮው በር የሚቀመጠው።

ሌላም ልጨምር፣ ባጭሩ። ይሄው መሥሪያ ቤት ዊንዶውስ ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ ለጥቃት ሥራው ደብቆ ይዞት ነበር፤ ኢተርናል ብሉ ይባላል። ማይክሮሶፍት በማርች 2017 መጠገኛውን አወጣ፣ በአፕሪል መሣሪያው ተሰርቆ ኢንተርኔት ላይ ተበተነ፣ በሜይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በእሱ ተጠቅሞ ዓለምን አዳረሰ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። የተመቱት መጠገኛው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። ይህን ኋላ እመለስበታለሁ፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል።

አሁን ወደ እህታችን። «የራሳችን ይሁን» የሚለው ስሜት የኔም ስሜት ነው፤ እዚህ የተሰበሰብን ሰዎች ለዚህ ስሜት እንግዳ አይደለንም። ግን «የራሳችን» የሚለውን ቃል ከእኛ በፊት የተጠቀሙበትን ሀገሮች እንይ።

ቻይና በ2009 ከጁላይ 1 ጀምሮ የሚሸጥ ማንኛውም የቤት ኮምፒውተር ግሪን ዳም የተባለ ሶፍትዌር እንዲኖረው አዘዘች። ምክንያቱ ሕፃናትን ከብልግና ምስል መጠበቅ ነው፤ ማን ይቃወማል? ሀገር በቀል ነው፣ ለልጆች ነው። በጁን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፍተው አዩት። ከ12 ሰዓት ባልበለጠ ምርመራ፣ ሶፍትዌሩ የተጫነበት ኮምፒውተር የሚከፍተው ማንኛውም ድረ ገጽ ማሽኑን ሊቆጣጠር የሚችልበት ቀዳዳ አገኙበት። ከሚከለክላቸው ቃላት መካከል ደግሞ የፖለቲካ ቃላት ነበሩ። ይባስ ብሎ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሶፍትዌር የተገለበጡ ክፍሎች ተገኙበት። ሀገር በቀል የተባለው! መንግሥት ትእዛዙ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ጁን 30 አራዘመው፣ በኋላም የቤት ኮምፒውተር ላይ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ልብ በሉ፣ እዚህ ሕዝብን የሰለለ መንግሥት ብቻ አይደለም ያለው። በጥድፊያ የተሠራ፣ ማንም ያልመረመረው፣ በትእዛዝ የተጫነ ሶፍትዌር ልጁን ለሌባ ሁሉ ክፍት አድርጎት ነበር። ክፋት ባይኖር እንኳ ስንፍና ይበቃል።

ካዛኪስታን ደግሞ በ2019 ክረምት የኢንተርኔት ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው መልእክት እንዲልኩ አደረገች፦ «ብሔራዊ የደህንነት ሰርተፍኬቱን ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ።» ስሙ ያምራል አይደል? ሥራው ግን ይሄ ነው፦ ብሮውዘርህ የባንክህን ወይም የፌስቡክን ገጽ ሲከፍት ያቺን ትንሽ ቁልፍ የሚያሳይህ የሚያምነው ሰርተፍኬት ስላለ ነው። የመንግሥቱን ከጫንክ መንግሥት መሀል ገብቶ ፌስቡክን መስሎ መቅረብ፣ የምትጽፈውን ፈትቶ ማንበብ፣ መልሶ አሽጎ መላክ ይችላል። ቁልፏ አሁንም ትታያለች። በኦገስት ጎግል፣ ሞዚላና አፕል ብሮውዘሮቻቸው ሰርተፍኬቱን እንዳይቀበሉ አደረጉ። በ2020 መጨረሻ እንደገና ተሞከረ፣ እንደገና ታገደ። እና የካዛክ ወጣት በራሱ መንግሥት ከመነበብ ያዳነው የአሜሪካ ኩባንያ ሆነ። ለእኔ ይሄ የሚያኮራ ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ግን ማንን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የእኛስ ሀገር? ስም አንጠራ፣ ጎራ አንለይ፣ በሰነድ የተቀመጠውን ብቻ። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ ከ2013 እስከ 2017 ባወጣቸው ሪፖርቶች ከአውሮፓና ከእስራኤል ኩባንያዎች የተገዙ የስለላ ሶፍትዌሮች በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ላይ መዋላቸውን አሳይቷል፤ ዱካው ወደ መንግሥት እንደሚያመራም ገልጿል። በ2017ቱ ሪፖርት ማጥመጃው ምን ነበር መሰላችሁ? ቪዲዮ ለማየት ሊንክ ትጫናለህ፣ «ፍላሽ ማጫወቻህ አርጅቷል፣ አፕዴት አድርግ» ይልሃል። ጅብ በማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ነው፤ አፕዴት ለብሶ መጣ። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ለወራት ፊንስፓይ የተባለ ሶፍትዌር ተቀምጦ ነበር፤ ስካይፕ ላይ የሚያወራው፣ የቤተሰቡ ሥራ ሳይቀር ተቀድቷል ብሎ በ2014 ዋሽንግተን ውስጥ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላየውም። የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው፣ ድርጊቱም በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ብሎ ዘጋው። እንግዲህ አሜሪካ ቁጭ ብለህ፣ ጠበቃ ይዘህ፣ ማስረጃ ይዘህ እንኳ የሚሰማህ ችሎት ላታገኝ ትችላለህ። የጫንከውን ነገር ከመጫንህ በፊት ነው መጠየቅ ያለብህ፤ ኋላ የሚጠየቅልህ የለም።

ስለዚህ እህቴ፣ የሀገራችን ተቋም ነገ የደህንነት ሶፍትዌር ይዞ ቢመጣ «አልፈልግም» በይ አልልሽም። እኔ ራሴ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ሥራ ፈላጊ ሆኜ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር እዚሁ ተሠርቶ እኔና የክፍል ጓደኞቼ እንጀራ ብንበላበት ከማንም በላይ ደስ ይለኛል። ግን መጀመሪያ ኮዱን አሳዩን ማለት አለብን። የእኛ ከሆነ ለእኛ የሚደበቅ ምን አለው? ቀጥሎ፣ የማልፈልገው ቀን ከማሽኔ ነቅዬ ማውጣት እችላለሁ ወይ? ወደ የት ነው መረጃ የሚልከው? መንግሥትን የማይወድ ባለሙያ አይቶ በግልጽ መተቸት ይፈቀድለታል? የመጨረሻዋ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። የሚያጨበጭብ ሰው ብቻ የመረመረው ሶፍትዌር አልተመረመረም። «ሀገሩን የሚወድ ይጭናል» ከተባልክ ያኔ ጠርጥር፤ ጥሩ ቁልፍ በአርበኝነት አይሸጥም። እንዲህ መጠየቅ ክህደት የሚመስለው ካለ፣ እሱ ራሱ የጎረቤቱን ውሻ ግቢው ሲያስገባ ይናከስ እንደሆነ አይጠይቅም ወይ?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

ስለ ኤንኤስኤ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከረው ልጅ ላፕቶፑን ብታየው ከሰፈር ኮምፒውተር ቤት በፍላሽ የመጣ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነው። ክራኩን ሲጭን «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ተብሏል፣ አጥፍቷል። «አፕዴት ካደረግክ ይበላሻል» ተብሏል፣ አፕዴትም ዘግቷል። ቅድም ዋናክራይ ያልኳችሁ ያገኘው እንደዚህ ያለውን ማሽን ነው። ያን ክራክ የሠራውን ሰው ስሙን አታውቅም፣ ሀገሩን አታውቅም፣ ኮዱን አላየህም፤ ግን የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ሰጥተኸዋል። አሜሪካን አላመንክም፣ ጥሩ፤ ስሙን የማታውቀውን ሰው ግን አመንክ። እና ላፕቶፑ ውስጥ ምን አለ? ዲግሪህ፣ የቀበሌ መታወቂያህ፣ ለ40 ቦታ የላክኸው ሲቪ፣ የእናትህ ስልክ ቁጥር። እኛ ሥራ የሌለን ሰዎች ያለን ንብረት እኮ ይሄው ፎልደር ነው።

ኦሪጅናል ዊንዶውስ መግዛት አቅም ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ግን ነፃ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ከዋናው ድረ ገጹ አውርዱ፣ አጠገቡ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር ካወረዳችሁት ፋይል ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ የሚሠራበት ዘዴ ሻ 256 ይባላል፤ ይገርማችኋል፣ እሱንም የነደፈው ኤንኤስኤ ነው። ከ2001 ጀምሮ የዓለም የምስጠራ ሊቃውንት ሊሰብሩት እየሞከሩ አልቻሉም፤ በዚህ ምክንያት እንጠቀምበታለን። ዊንዶውስ ላይ መቆየት ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ቢያንስ አብሮት የሚመጣውን ዲፌንደር አብሩት፣ አፕዴቱን ክፈቱ፤ ክራኩ የማያስነካችሁ ከሆነ ስለ ክራኩ አንድ ነገር ነገራችሁ ማለት ነው።

ወንድሜ፣ መልሴ፦ ኤስኢሊኑክስን አታጥፋው። አንድ ፕሮግራም አልሠራም ሲልህ ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው የመጀመሪያው ምክር «አጥፋውና ይሠራል» ነው፤ አዎ ይሠራል፣ በሩን ስትነቅለውም መግባት ይቀላል። የተከለከለውን መዝገቡ ላይ ፈልገህ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ደንቡን አስተካክል። ሙከራ ካስፈለገህ ፐርሚሲቭ የሚባለው ሁነታ አለ፤ አይከለክልም፣ ግን ምን ይከለክል እንደነበር ይመዘግባል። ስትጨርስ መልሰው።

ሳምሰንግ ስልክ ያላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ማየት ትችላላችሁ። ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ውስጥ ግቡ፤ «ኤስኢ ፎር አንድሮይድ ስታተስ» የሚል አለ። «ኢንፎርሲንግ» ካለ ዘበኛው ሥራ ላይ ነው። ስልኩን ሩት አስደርጋችሁ ወይም ያገለገለ ገዝታችሁ «ፐርሚሲቭ» የሚል ካገኛችሁ አንድ ሰው ከእናንተ በፊት ዘበኛውን አስተኝቶታል። ያገኛችሁትን በኮሜንት ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።